«ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» በሰው ቤት ተጠግታ ቤት ያጣችን ሴት እንዴት እናግኛት፣ እንዴትስ እንደግፋት?

ለ11 ወራት ቤት አልነበረኝም፤ አንድም ሌሊት ግን ደጅ አላደርኩም። 6 ቤቶች ተቀብለውኛል። በአንዱ ቤት ሶፋ ላይ፣ በሌላው ከልጆች ጋር ወለል ላይ፣ በሌላው ደግሞ የቤቱ ልጅ ለትምህርት ርቆ በሄደበት ክፍል ውስጥ ተኛሁ። ማንም ሳይነሣ ተነሥቼ የተኛሁበትን አጥፌ አስቀምጥና ፊቴን ታጥቤ ሥራ እገባለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ እንኳ አላወቀችም። በዚያ ጊዜ አንድ ሰው «ቤት የለሽም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «አለኝ እንጂ!» ብዬ እመልስ ነበር፤ መዋሸቴም አይመስለኝም ነበር። ቤት አልባ የሚባለው መንገድ ዳር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው ሰው ነው ብዬ አምን ነበርና።

ያን ዝምታ የሰበረችው አንዲት ነርስ ናት። ራስ ምታት አልለቅ ብሎኝ ክሊኒክ ሄጄ ስትመዘግበኝ አድራሻዬን ጠየቀችኝ። መልሴ ዘገየባት። ብዕሯን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ነገስ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

አሁን በአንድ የሴቶች መደገፊያ ማእከል እሠራለሁ። ሴቶችን ወደ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ፍርድ ቤት አጅቤ መሄድ ሥራዬ ከሆነ 9 ዓመት ሞላኝ። ይህን የምጽፈው ግን ለባለሙያ አይደለም። ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለመምህርት፣ ለአክስት፣ ጓደኛዋን ሶፋዋ ላይ ላስተኛች ሴት ነው። እንዲህ ያለችዋን ሴት ከማንም ቀድማችሁ የምታገኟት እናንተ ናችሁ።

<b>ቁልፉ በማን እጅ ነው?</b>

«ጣሪያ ካላት ቤት አላት» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሴቶችን ከዓይናችን ሰውሯል። ለቤት አልባ ሰዎች የሚሠሩ የአውሮፓ ድርጅቶች ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ፌአንትሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢቶስ የተባለ የቤት አልባነት መለያ አውጥቷል። መለያው ቤት ያጡ ሰዎችን በ4 ይመድባል፦ ጭራሽ መጠለያ የሌላቸው፣ በጊዜያዊ መጠለያ ያሉ፣ ዋስትና በሌለው ቤት ያሉ፣ ለሰው መኖሪያ በማይበቃ ቤት ያሉ። ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር ለጊዜው የተጠጋች ሴትም፣ ጥቃት በሚያሰጋት ቤት የምትኖር ሴትም ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ተጽፈዋል። ከመለያው ጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ቤት ለመባል ሰው የሚበቃው ቦታ፣ ገመናውን የሚሸፍንበት ነጻነት፣ «ውጣ» ሲባልም የሚከራከርበት ሕጋዊ መብት ያስፈልገዋል። እኔ ለሴቶች ሳስረዳ ይህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ አሳጥረዋለሁ፤ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሴቶች የሚሰወሩት ምክንያት ስላላቸው ነው። ደጅ ማደር ለሴት መደብደብና መደፈር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ያላትን የሰው ዝምድና ሁሉ አሟጥጣ ሳትጨርስ ደጅ አትወጣም። እናት ከሆነች ደግሞ ቤት እንደሌላት ከታወቀ ልጆቿን የሚወስዱባት ይመስላታል። ይሉኝታውም አለ። የመሸባት እንግዳ መሆን ለአንድ ቀን ነው፤ ለሁለት ወር የመሸባት ሴት ራሷን እንደ ሸክም ስለምታይ ድምፅዋን አጥፍታ ትኖራለች።

ቆጠራዎችም አያገኟትም። በአሜሪካ በየዓመቱ በጃንዋሪ የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ባለ አንድ ሌሊት የሚካሄደው ቆጠራ በመጠለያና በደጅ ያሉትን ይመዘግባል፤ በሰው ሶፋ ላይ ያለችው እዚያ ውስጥ የለችም። በለንደን የሚሠሩ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ለሴቶች የተለየ ቆጠራ ሲጀምሩ ዘዴውን ቀየሩት። በአንድ ሌሊት ፋንታ በአንድ ሳምንት ቆጠሩ፤ ጎዳናውን በባትሪ ከመፈለግ አልፈው ሴቶች ቀን ቀን በሚመጡባቸው ማእከላት ጠየቁ፤ ጥያቄውም ስላለፉት 3 ወራት ሆነ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ስትዞር ያነጋች፣ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ያደረች፣ እስኪነጋ ስትራመድ የቆየች ሴት ያን ጊዜ መታየት ጀመረች።

እናንተስ በምን ታውቋታላችሁ? በቦርሳዋ። የስልክ ቻርጀሯ፣ የጥርስ ብሩሿ፣ የልጆቿ የልደት ምስክር ወረቀት ሁልጊዜ አብረዋት ናቸው። ቅጽ ላይ «አድራሻ» የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯ ይቆማል፤ ወይም የዛሬ ሁለት ዓመት የለቀቀችውን ቤት ትጽፋለች። ከሥራ የመጨረሻዋ ወጪ እሷ ናት፤ የሌሊት ተራ ሲጠየቅ ፈጥና እጇን ታወጣለች። ገላዋን ሥራ ቦታ ትታጠባለች። ልጇ ከሩቅ እየመጣ ስለሆነ ትምህርት ቤት ይዘገያል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ስለምትኖርበት ቤት ስታወራ «እኛ ቤት» አትልም፤ «እነሱ ቤት» ትላለች። አንዱን ምልክት ብቻ ይዛችሁ አትደምድሙ፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ጠይቁ።

<b>እንዴት ይጠየቃል</b>

ብቻዋን ጠይቋት። አብራው ባለችው ሰው ፊት፣ በአስጠጊዋ ፊት፣ በልጆቿ ፊት አይሆንም። የቋንቋ ችግር ካለባት ዘመዷን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የምትሸሸው ሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ጎን ለጎን መራመድ ይቀላል። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሲሄዱ አንደበት ይፈታል፤ ይህን በ9 ዓመት ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ቤት አለሽ?» አትበሏት፤ መልሱ «አዎ» ነው። «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» በሏት። ከዚያ «እስከ መቼ መቆየት ትችያለሽ?»፣ «ቁልፍ አለሽ?»፣ «እዚያ ቤት የምትፈሪው ሰው አለ?» እያላችሁ ቀስ በቀስ ቀጥሉ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ለመጠየቅ አፍ ይከብዳል፤ ግን ጠይቋት፦ «ስላስጠጋሽ በምትኩ የሚፈልግብሽ ነገር አለ?» ማደሪያ ለማግኘት ስትል ከማትፈልገው ወንድ ጋር የምትተኛ ሴት ብዙ ጊዜ ነገሩን ጥቃት ብላ አትጠራውም። «የባሰ አለ» ብላ ታልፈዋለች። ያን ስትሰሙ ፊታችሁ አይለወጥ። «አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ከዚያ ቤት የምትወጪበትን መንገድ አብረን እንፈልግ» ማለት ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ከአፋችሁ እንዳይወጣ እለምናችኋለሁ። «ለምን ትተሽው አትወጪም?» አትበሉ። ይህን ጥያቄ ራሷን ሌሊት ሌሊት ስትጠይቅ ነው የከረመችው።

የማትፈጽሙትን ቃልም አትግቡላት። «አይዞሽ፣ ቤት አገኝልሻለሁ» ያሉኝ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን እያንዳንዱን ቃል ይዤ ሁለት ሁለት ሳምንት ስጠብቅ ጊዜዬ አለቀ። ነርሷ ቤት አልሰጠችኝም። የስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንድደውል በሩን ዘጋችልኝ፤ ደውዬ እስክጨርስም በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ካደረገችልኝ ሁሉ የጠቀመኝ መቆሟ ነው።

<b>የምትሸሸው ሰው ካለ</b>

እዚህ ላይ መቸኮል ሰው ይገድላል። ጥቃት አድራሽ ባል ወይም ፍቅረኛ ካለ፣ አደጋው ከፍ የሚለው ልትለየው ስትነሣና ከተለየችው በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ስለዚህ «ዛሬውኑ ውጪ» ከማለታችሁ በፊት አንቋት ያውቅ እንደሆነ ጠይቋት። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከዚህ በፊት በባሏ ወይም በፍቅረኛዋ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ብዙ ሴቶች ደግሞ አንገት ላይ ምልክት ስላልቀረ ነገሩን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። መልሷ «አዎ» ከሆነ ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ ጉዳዩም በዚያው ቀን የጥቃት ተጎጂ ሴቶችን ለሚረዳ ድርጅት ወይም ለፖሊስ መድረስ አለበት። መንገዱን የምትመርጠው ግን እሷ ናት።

የሚደወለው በእናንተ ስልክ ይሁን። የእሷ ስልክ ያለችበትን ቦታ ለእሱ እያሳወቀ ሊሆን ይችላል፤ የኢሜይሏንና የስልኳን የይለፍ ቃል ሊያውቅ ይችላል። ያን የቦታ ማጋሪያ በድንገት ብታጠፋው ደግሞ ልትሄድ መነሣቷን ይነቃል። ስለዚህ ስልኩን ከመነካካቷ በፊት ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር ትምከር። ጊዜ ካለ የመታወቂያዋን፣ የልጆቿን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተሯን፣ የሐኪም ማዘዣዋን ፎቶ አንሥታ እሱ ወደማያውቀው አዲስ ኢሜይል ትላክ። መድኃኒት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ ልጁ ሳያቅፈው የማይተኛው አሻንጉሊት በአንድ ከረጢት ሆኖ ታማኝ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። አሻንጉሊቱን ትንሽ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በመጀመሪያው ሌሊት ልጁ ካልተኛ እናቱ ጠዋት ወደዚያ ቤት የምትመለስበት ዕድል ይበዛል፤ ይህ ሲሆን አይቻለሁ።

መጠለያ ስትፈልጉ እሱ የሚያውቃቸውን ዘመዶች ቤት አስቀድማችሁ ከዝርዝሩ አውጡ። ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ተብሎ የተከፈተ መጠለያ ካለ ከሶፋ ይሻላል። በብሪታንያ በምዕራብ ለንደን ቺዝዊክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ከተከፈተው ቤት ወዲህ እንዲህ ያሉ መጠለያዎች በብዙ አገሮች ተስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለፊርማ የቀረበው የአውሮፓ ምክር ቤት የኢስታንቡል ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 23 ላይ ስምምነቱን ያጸደቁ አገሮች በቂና በቀላሉ የሚደረስባቸው መጠለያዎች እንዲኖሯቸው ያስገድዳል። ስትደውሉ ልጆች ይቀበሉ እንደሆነ፣ በተለይ ጎረምሳ ወንድ ልጅ ካላት እሱንም ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የ15 ዓመት ልጇን በር ላይ «አንተ አትገባም» ሲሉት ሰምታ የተመለሰች እናት ዳግመኛ ላትደውል ትችላለች።

<b>እናንተ ዘንድ ካስጠጋችኋት</b>

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ደጎች ሳያውቁ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው።

ቀኑን ተናገሩ። «እስከፈለግሽ ድረስ ተቀመጪ» የሚለው ቃል ደግነት ይመስላል፤ ለተጠጋችዋ ግን በየቀኑ ፊት ማንበብ ነው። ዛሬ የቤቱ አባወራ ዝም ካለ «ሰለቸኋቸው» ትላለች፤ በር ጠንከር ብሎ ከተዘጋ ቦርሳዋን ትሸክፋለች። «እስከዚህ ቀን ድረስ ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብለን ተቀምጠን እንነጋገራለን» በሏት። የምታውቀው 20 ቀን ከማታውቀው 3 ወር ይልቅ እንቅልፍ ይሰጣል።

ቁልፍ ስጧት። ከ6ቱ ቤቶች ቁልፍ የሰጠኝ አንዱ ብቻ ነው፤ ከሁሉም ጠባቡ ቤት እሱ ነበር። በሌሎቹ ቤቶች ሰው እስኪገባ ድረስ ደጅ እጠብቅ ነበር፤ ሲዘንብ ቤተ መጻሕፍት እገባ ነበር፤ እሑድ ሲዘጋ ደግሞ በአውቶቡስ ከጫፍ እስከ ጫፍ እመላለስ ነበር። አንድ የሚዘጋ መሳቢያም ስጧት፤ ውስጡን አትዩ።

ሎሌ አታድርጓት። አራተኛው ቤት ውስጥ የቤተሰቡን ልብስ በሙሉ ማንም ሳይነሣ አጥቤ አሰጣ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም ደግሞ «ተይ» አላለኝም። ከጊዜ በኋላ ልብሱ ከአልጋዬ አጠገብ ተቆልሎ ይጠብቀኝ ጀመር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን እኔ እንደ ኪራይ እከፍል ነበር፤ እነሱም ሳይታወቃቸው ይቀበሉኝ ነበር። የቤት ሥራውን እንደማንኛውም የቤቱ ሰው ተካፍላ ትሥራ፤ ድርሻዋንም በግልጽ ንገሯት። ከዚያ ባለፈ ስትሠራ ካያችኋት እጇን ይዛችሁ አስቀምጧት።

ታሪኳን ለሰው አታውሩ። «አንዲት ምስኪን አስጠግቼ» ብሎ ለጎረቤት መናገር ገመናዋን ማውጣት ነው፤ የምትሸሸው ሰው ካለ ደግሞ አድራሻዋን ማሳወቅ ነው። በቤታችሁ ያለ ወንድ ሁሉ ክፍሏ ሳያንኳኳ እንዳይገባ በእሷ ፊት ሳይሆን ለብቻው ንገሩት። የንጽሕና መጠበቂያ ጠይቃ የምታገኘው ሳይሆን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የምታገኘው ነገር ይሁን። ተከራይ ከሆናችሁ ውላችሁ ሰው ማስጠጋት ይፈቅድ እንደሆነ እዩ፤ እሷን አድናለሁ ስትሉ እናንተ እንዳትወጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ጻፉላት። ከማንኛውም ስጦታ በላይ የሚጠቅማት ደብዳቤ ነው። «ከዚህ ቀን ጀምሮ በቤቴ ለጊዜው ተጠግታለች፤ የኪራይ ውል የላትም፤ ራሱን የቻለ ክፍል የላትም፤ ከዚህ ቀን በኋላ ላቆያት አልችልም» ብላችሁ ቀን አስገብታችሁ ፈርሙ። ጨካኝ ደብዳቤ ይመስላል። ስትጽፉት እጃችሁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ግን መሥሪያ ቤት ስትሄድ «ጣሪያ አለሽ» ለሚሏት መልሷ እሱ ወረቀት ነው።

<b>እኅቴ፣ መሥሪያ ቤት ስትሄጂ</b>

ይህን ክፍል ለአንቺ ለራስሽ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ሰው ካነበበው ያንብብልሽ።

መጀመሪያ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው «ከዘመድ ጋር ከሆንሽ ቤት አለሽ ማለት ነው» ብሎ በ4 ደቂቃ ውስጥ መለሰኝ። አመንኩት። 5 ወር አልተመለስኩም። ያ 5 ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ አንቺ እንዳትመለሺ ሦስት ነገር ይዘሽ ሂጂ። አንደኛው የማደሪያ መዝገብ ነው። በደብተር ላይ ያደርሽበትን ቀን፣ የማን ቤት እንደሆነ፣ ምን ላይ እንደተኛሽ፣ ለምን እንደለቀቅሽ በአንድ በአንድ መስመር ጻፊ። ካለፈው ማስታወስ የምትችይውን ጽፈሽ ከዛሬ ጀምሮ በየማታው ቀጥይ። እኔ መዝገቤን ጽፌ ስጨርስ፣ 11 ወር በአንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ ሳየው ነው «ለካ ቤት የለኝም» ያልኩት። ሁለተኛው የአስጠጊሽ ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው አብሮሽ የሚሄድ ሰው ነው። አጃቢሽ መናገር የለበትም፤ ተቀምጦ የተባለውን ይጻፍ። አጠገብሽ የሚጽፍ ሰው ሲኖር የጠረጴዛው ወዲያኛ ወገን አነጋገሩን ያስተካክላል።

ታሪክሽን በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ቅጂ ያዢ። በየመስኮቱ ቁስሉን እንደ አዲስ መክፈት ሰው ይጨርሳል። እምቢ ካሉሽ «ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡኝ፤ የትኛውን ደንብ መሠረት እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ፤ ይግባኝ የምለው የትና እስከ መቼ ነው?» በያቸው። በዚህ ጥያቄ ብቻ «ቆይ እስኪ አለቃዬን ልጠይቅ» ተብሎ ነገሩ የተገለበጠባቸውን ቀኖች አስታውሳለሁ።

ሕግ ከምታስቢው በላይ ከጎንሽ ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 4 በቂ መኖሪያ ቤት የሚለካባቸውን 7 ነገሮች ሲዘረዝር መጀመሪያ ያስቀመጠው የይዞታ ዋስትናን ነው፤ «ውጪ» ቢሉሽ የሚጠብቅሽን ከለላ ማለቱ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2021 ሕግ ወዲህ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ቤት አልባ የሆነች ሴት ከሌላው ሰው የበለጠ ተጋላጭ መሆኗን ማረጋገጥ ሳይጠበቅባት ለቤት እርዳታ ቅድሚያ የሚገባት ሆና ትቆጠራለች። በአሜሪካ ደግሞ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጣለ ሕግ ቤት አጥተው በሰው ቤት የተጠጉ ልጆችን ቤት አልባ ብሎ ስለሚቆጥር የመኖሪያ ማረጋገጫ ባይኖራቸውም ትምህርት ቤት ሊመዘግባቸው ይገባል። ያው አገር በሌሊቱ ቆጠራ እናቲቱን አያያትም፤ በትምህርት ቤት ሕግ ግን ልጇን ያያል። ስለዚህ አንዱ መስኮት «ጉዳይሽ እኛን አይመለከትም» ሲልሽ ሌላው መስኮት ላይ ያለው ደንብ ሌላ ሊሆን ይችላልና አንኳኪ። በልጅሽ ትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በሕግ ድጋፍ ማእከል፣ በሴቶች ድርጅት ጠይቂ።

<b>የትኛው ድጋፍ ይሠራል?</b>

ከ9 ዓመት በኋላ የማምነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የራሷ በር፣ ከዚያ ሌላው። «ሥራ ስታገኚ»፣ «መጠጥ ስትተዪ»፣ «ሕክምናሽን ስትጨርሺ ቤት እንሰጥሻለን» የሚለው መሰላል ላይ ሴቶች ሲወድቁ አይቻለሁ። ሳም ሴምበሪስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ያን መሰላል ገልብጦ ቅድሚያ ቋሚ ቤት በመስጠት ጀመረ፤ ሕክምናውና ድጋፉ ሰውየው በፈቀደው መጠን ከዚያ ይከተላል። በማንቸስተር አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይኸው ዘዴ ለሴቶች ብቻ ተብሎ ተሠርቶበታል፤ ሠራተኞቹ የሴቲቱን የጥቃት ታሪክ አውቀው የሚመጡ ናቸው። ልዩነቱ ብዙ ነው። ለወንዱ ቤቱ የት ሰፈር ቢሆን ግድ ላይለው ይችላል፤ እሷ ግን የቀድሞ ባሏ ከሚሠራበት መንገድ ላይ የተሰጣት ቤት ቤት አይሆናትም።

መጠለያ ስትመርጡላት ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑረው። የሴቶች ብቻ ይሁን። የመግቢያ ሰዓቱ በሌሊት የምትሠራን ሴት ሥራዋን የማያስለቅቅ ይሁን። ሠራተኞቹ ሲያነጋግሯት «ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል ወይስ «ምን አጠፋሽ?» ዓይነት ድምፅ አላቸው? ይህን ስልክ ላይ እንኳ መስማት ይቻላል።

<b>ቁልፉ ከተሰጣት በኋላ</b>

ደጋፊዎች የሚበተኑት ያን ቀን ነው፤ ሊበተኑ የማይገባውም ያን ቀን ነው። ከመጠለያ ወደ ራሱ ቤት የሚሸጋገርን ሰው የሚያግዝ፣ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ የተሞከረ አንድ የድጋፍ ዘዴ 9 ወር ይፈጃል። በ3 ምዕራፍ ተከፍሎ ሠራተኛው መጀመሪያ በብዛት እየተገኘ ቀስ በቀስ ቦታውን ለጎረቤት፣ ለሐኪም፣ ለዘመድ ያስረክባል። ሠራተኛ ከሌላት ይህን እናንተ በትንሹ ልታደርጉት ትችላላችሁ። በሦስተኛው ቀን ደውሉ፤ በዐሥረኛው ቀን ሂዱ። የመጀመሪያው ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ «ገንዘቡ ሞላልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የኪራይ ውዝፍ በሁለተኛው ወር ከታወቀ ይድናል፣ በስድስተኛው ወር ከታወቀ ግን እንደገና ሶፋ ነው። የመብራትና የውኃ ውሉ በስሟ መዛወሩን አረጋግጡ። ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥታ እንደሆነም በዘዴ ጠይቁ፤ ብቻዋን መሆን ያስፈራት ሴት የሸሸችውን ሰው ራሱን ልታስገባ ትችላለች፤ ያን ስታደርግ ከተቆጣችኋት እንደገና ትሰወራለች።

እኔ የራሴ ቤት ከገባሁ በኋላ ለ3 ሳምንት ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ። ማንም ሳይነሣ እነቃና የተኛሁበትን አጥፌ አስቀምጥ ነበር፤ የሚነሣ ሰው በቤቱ አልነበረም። ቦርሳዬን በበሩ አጠገብ አስቀምጬው ነበር፤ ፈትቼ ልብሴን ሰቅዬ የጨረስኩት በ4ኛው ወር ነው። ስትጎበኟት ቦርሳዋ አሁንም በበሩ አጠገብ ካለ ምንም አትበሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሂዱ፤ ከዚያ በሚቀጥለውም።